ትቅር የተባለችው ሙሾ

እቴ ስህንን የማያውቅ የሐይቅ ከተማ ሰው ካለ፣ ሰው አልሞተበትም ማለት ነው። ከሐይቅ እስከ አምባሰል ድረስ ለቅሶ ቤት የምትጠራው እሷ ናት፤ ሙሾ አውራጅ ናት። አፏን ከከፈተች፣ ሟቹን በሕይወቱ ሰላም ብሎት የማያውቅ ሁሉ ደረቱን ይመታል። እኔ እስላሙ ሙአዊያ እንኳ «በሙሾ መጮህ ሐራም ነው» እያልኩ ሄጄ፣ ዐይኔን እየጠረግሁ የተመለስኩት ስንቴ ነው!

አንድ ሕግ ነበራት፤ ሰው ሳይሞት ሙሾ አታወጣም። አንድ ጊዜ ሰርግ ቤት ጎረምሶች «እስቲ ትንሽ አሰሚን» ብለው ሲነዘንዟት፣ «ሟርተኞች!» ብላ ማማሰያ ይዛ ስታባርራቸው አይቻለሁ። ለቁም ሰው ማልቀስ ለሞት ቤቱን ማሳየት ነው ትላለች። እኔ ያኔ እስቅ ነበር።

ሐይቅ ላይ ቪዲዮ ቤት ነበረኝ። ሃያ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ። ሰው ሁሉ በየቤቱ ዲሽ ሲሰቅል ወንበሮቼ ላይ ድመት መተኛት ጀመረች። በ2003 ዓ.ም. ሳራ የምትባል ፊልም ሠሪ ከአዲስ አበባ መጥታ «ሽቦና ድምፅ የሚያውቅ ሰው አለ?» ስትል ጎረቤት ወደ እኔ ጠቆማት። ማይክሮፎኑን በረጅም ዘንግ ይዤ፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ የምቆመው እኔ ሆንኩ። ፊልሙ ልጇን ውኃ ስለወሰደባት እናት ነው። ሙሾ አውራጅ ያስፈልጋል ተባለ፤ ወስጄ ያስተዋወቅኋት እኔ ነኝ።

እቴ ስህን ሁለቴ አባረረችን። በሦስተኛው ሳራ አጠገቧ ቁጭ ብላ ነገሩን አስረዳቻት።

«እማማ፣ ይህ ፊልም እዚህ አገር ሲኒማ ቤት ሁለት ሳምንት ታይቶ ይወርዳል። ፌስቲቫል ከገባ ግን ሌላ ነው። ከአፍሪካ ሁሉ ፊልም የሚመጣበት ትልቅ ገበያ በሉት። ዳኛ ያየዋል፣ የቴሌቪዥን ገዢ ያየዋል፣ ለሚቀጥለው ፊልም ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ያየዋል። ከዚያ ባሕር ይሻገራል።»

«ባሕር ይሻገራል?» አለች እቴ ስህን። «ዐረብ አገርም ይታያል?»

እዚህ ላይ ተያዘች። አንድ ልጇ ጌዴዎን በጅቡቲ አድርጎ ወደ ሳዑዲ ከወጣ ዓመት አልፎታል፤ ድምፁ ከጠፋ አሥራ አንድ ወር ሆኖታል። ፊቷን አይቶ «እናቴ ናት!» ብሎ ቢደውልስ? ለዚህ ብላ ሕጓን ጣሰች። የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የምታለቅስለት ሟች የፈጠራ ስም ይሰጠው። ሳራም «መልአኩ» ብላ ሰጠቻት።

ቀረጻው ረፋድ ላይ ሐይቁ ዳር ነበር፤ የእስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች ከወዲያ ይታያሉ። «መልአኩ፣ መልአኩ» እያለች ጥቂት ሄደች፤ ደረቅ ነበር። የማታውቀውን ሰው ምን ብላ ታልቅሰው! ከዚያ ድምፁ ሲለወጥ በማዳመጫው ሰማሁ።

ሐይቁን በታንኳ ያሻገርኩህ ልጄ፣
ጌዴዎን ባሕሩ ነጠቀህ ከእጄ።

አፏን በሁለት እጇ ያዘች። «ምን አልኩ? ሙአዊያ፣ ምንድን ነው ያልኩት?»

«ኧረ ምንም አላልሽም» አልኳት። እኔ ውሸታም!

አሸዋው ላይ ዘፍ አለች። «ይቺ ትቅር ወንድም ዓለም፤ በማርያም ይዤሃለሁ፣ ይቺ ትቅር!»

«አብሽሪ እቴ፣ ትቀራለች» አልኳት። ቃል ገባሁ። እሷም ተነሥታ «መልአኩ» እያለች ደግማ ሠራችው።

ከሁለት ወር በኋላ ሳራ ከአዲስ አበባ ደወለች፤ ፊልሙን እየቆረጠች እየቀጠለች ነው። «ያቺን የልጃቸውን ስም የጠሩባትን ምን ላድርጋት? እሳቸው ምን አሉ?»

«ትቅር ብላለች» አልኩ።

«ትቅር? ጎሽ! እኔም እዚያው ትቅር ነው የምለው፤ እሷን የሚያህል የለም።»

አማርኛችን እንዲህ ነው። «ትቅር» ትውጣም ነው፣ እዚያው ትኑርም ነው። ሳራ በተሳሳተው በኩል እንደያዘችው ወዲያው ገብቶኛል። «አይ፣ ትውጣ ማለቷ ነው» ብል ምን ነበረበት? ግን ያቺ ድምፅ ሁለት ወር ሙሉ ስበላም ስሠራም ጆሮዬ ውስጥ ነበረች፤ እንድትጠፋ አልፈለግሁም። ዝም አልኩ። ወላሂ፣ አውቄ ዝም አልኩ።

ፊልሙ ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ወዳለ ፌስቲቫል ሄዶ ተሸለመ። ዳኞቹን ከወንበራቸው ያስነሣቻቸው ያቺ ሙሾ ናት አሉ። የሦስት አገር ቴሌቪዥን ገዛው። ሳራ እዚያው ፌስቲቫል ላይ ያገኘቻቸው ሰዎች ለሁለተኛው ፊልሟ ገንዘብ አወጡ፤ እሱንም መጥታ እዚሁ ሠራችው። አናጢው፣ ሾፌሩ፣ ወጥ ሠሪዋ፣ ባለበቅሎው፣ ስንቱ በላበት! ለእኔም ፕሮጀክተር ተሰጠኝና ቪዲዮ ቤቴ ሲኒማ ተባለ። ፌስቲቫል ምን ይጠቅማል የሚል ካለ እኔ ጋ ይምጣ፤ እንጀራዬ ነው። ግን እቴ ስህንን ከሩቅ ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይር ጀመር።

በኅዳር 2006 ሳዑዲ ልጆቻችንን ሰብስባ ስትመልስ ጌዴዎንም መጣ። ከስቷል፣ ጠቁሯል፣ ግን በእግሩ መጣ! የእቴ ስህን እልልታ አርዲቦ ሐይቅ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ግሸን ማርያም ሄዳ ስለቷን አስገባች። «ሟርቴን መለሰችልኝ» ትላለች ላገኘችው ሁሉ። እኔም አልሃምዱሊላህ አልኩ፤ ያለፈ ነገር መሰለኝ።

በየካቲት ሳራ የፌስቲቫል እንግዶች ይዛ መጣች፤ ፊልሙን ሀገሬውም ይየው ተባለ። ጄኔሬተሩ ተበላሽቷል ብዬ ዋሸሁ፤ ሌላ አመጡ። ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሼ ጢም አለ፤ እቴ ስህን ከነልጇ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ያቺ ስንኝ ስትደርስ ዞራ አየችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የሳቀው ጌዴዎን ነው፤ «እማ፣ በቁሜ ቀበርሽኝ እኮ!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ «ሟቹ» ሆነ። የኛ ሰው ቀልድ ከያዘ መች ይለቃል! መናኸሪያ ላይ «ሟቹ መጣ፣ ቦታ ልቀቁለት!»፤ ሻይ ቤት «የሟቹ ሻይ በእኔ ነው!»። እንግዶቹ አብረውት ፎቶ ተነሡ። መጀመሪያ እሱም ይስቅ ነበር። በኋላ የአምባሰል ልጅ ሊያገባ ሽማግሌ ላከ፤ አባትዬው «ለተለቀሰለት ሰው ልጄን አልሰጥም» ብለው መለሷቸው። ያኔ ሳቁ ቆመ። እናቱ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ መውጣት መግባቱን ትጠብቅ ጀመር። ለቅሶ ቢጠሯትም አትሄድም።

ግንቦት ላይ መናኸሪያ ቦርሳ ይዞ አገኘሁት።

«ወዴት ነው?»

«ወደዚያው።»

«አብደሃል? ያን ሁሉ አልፈህ መጥተህ!»

«እዚያ ማንም አላለቀሰልኝም» አለኝ።

ጥፋቱ የእኔ ነው ልለው አፌን ከፈትኩ። ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ፤ እሱም ተሳፈረ። አሁንም ሳልናገር ቀረሁ።

ሰኔ ውስጥ ጌዴዎን የተሳፈረባት ጀልባ የመን ሳትደርስ ሰጠመች። ዋኝቶ የተረፈው ሀምዱ የሚባል የሐይቅ ልጅ ደውሎ መርዶውን ነገረን። ሬሳ የለም። ድንኳን ተጣለ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም መጣ። ሁሉም የሚጠብቀው የእሷን አፍ ነው፤ እሷ ባለችበት ሌላ ማን ይደፍራል? አንድ ቀን ዝም አለች። በነጋታውም ዝም። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት «ሙአዊያን ጥሩልኝ» አለች።

ሄጄ እግሯ ሥር ተደፋሁ። ስልኩንም፣ «ትቅር»ንም፣ ዝምታዬንም፣ ሁሉንም ነገርኳት። «አፉ በይኝ እቴ፣ ይቅር በይኝ» አልኩ። ቀና በል እንኳ አላለችኝም።

«የሱን ሙሾ አንዴ አውጥቼዋለሁ» አለች። «ሁለተኛ የለኝም። ያለው አንተ ዘንድ ነው፤ አምጣው።»

ድምፅ ማጉያውን ከሲኒማ ቤቴ ተሸክሜ አምጥቼ ድንኳኑ መሐል አቆምኩት። ከፈትኩት። ያ የተሸለመው ድምፅ ወጣ፤ ሰው ሁሉ ደረቱን መታ። እቴ ስህን ከንፈሯን ገጥማ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ራሷን አዳመጠች። ሲያልቅ ላጠፋው እጄን ዘረጋሁ።

«ድገመው» አለችኝ።