አባባ ፈንታ ወደ ባሕሩ የወረዱ ዕለት

ትናንት ከሰዓት በኋላ... ከነጫማዬ ባሕር ውስጥ ነበርኩ። ሰክሬ አይደለም። ሥራ ላይ ነበርኩ።

ለማታውቁኝ፣ አሽቀሎን ከተማ ማሪና፣ የጀልባ ማቆሚያው ውስጥ ባለ አንድ ክበብ ትንንሽ ልጆችን የሸራ ጀልባ መንዳት አስተምራለሁ። ጀልባዎቹ አንድ አንድ ልጅ ብቻ ነው የሚይዙት፤ ሸራ የተተከለበት የልብስ ማጠቢያ ገንዳ በሏቸው። ዓይነታቸው «ኦፕቲሚስት» ይባላል፤ ተስፈኛ እንደማለት። ስሙን ያወጣው ሰው እኔን አያውቀኝም። እኔ የላስቲክ ጀልባዬ ላይ ሆኜ ልጅ ስቆጥር ነው የምውለው። ስድስት። ደግሞ ስድስት። አንዱ ሸራ ጀርባ ሲደበቅ አምስት... ልቤ ቀጥ ትላለች። ከዚያ ስድስት።

ከስድስቱ አንዷ ሺራ ናት፤ ስምንት ዓመቷ ነው። ከአቲቆት ሰፈር በአውቶቡስ የሚያመጧት አያቷ አባባ ፈንታ ናቸው። የጎንደር ሰው፣ ባለ ከዘራ። ባሕር አይወዱም። የመጀመሪያው ቀን እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ወንዝ ወዲህም ወዲያም ዳር አለው። የዚህ ወዲያኛው ዳር የታለ?»

«ሩቅ ነው፣ አባባ።»

«እንግዲያው ስሚኝ። አንድ ቀን ከወደቀች ኹጉ አበቃ። ቃሌ ነው።»

ኹግ የምንለው ልጆች ከትምህርት ቤት በኋላ የሚማሩትን ነው። ችግሩ... የእኛ ኹግ የሚጀምረው በመውደቅ ነው። ልጁ ጀልባውን ራሱ ይገለብጣል፣ ራሱ ያቃናል። ሺራ እስከ ትናንት አሥር ጊዜ ያህል ወድቃለች። አባባ ፈንታ አላዩም፤ ላይ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ጀርባቸውን ለባሕሩ ሰጥተው ነው የሚጠብቁት። እኔም አልነገርኳቸውም። ፀጉሯን በፎጣ አሽቼ አሽቼ እመልስላቸዋለሁ።

ይህች ልጅ መሬት ላይ ድምጿ አይሰማም። ጀልባ ላይ ስትወጣ ትዘፍናለች። ኹጉን ብታጣ ምን እንደምትሆን ማሰብ አልፈልግም። አስቤዋለሁ ግን።

ትናንት ነፋሱ ደስ ይላል። ስድስቱም ተሰልፈው በእንጨቱ መተላለፊያ አጠገብ ያልፋሉ፤ ሺራ ከፊት፣ እየዘፈነች። ቀና ስል አባባ ፈንታ ቦታቸው ላይ የሉም። በመተላለፊያው ላይ ሳንቃውን በከዘራቸው ቀጭ ቀጭ እያደረጉ ወደ ውሃው ይመጣሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ።

ሺራም አየቻቸው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቀስ ብዬ ልንገራችሁ። እኛ ቤት ያደገ ልጅ ትልቅ ሰው ሲመጣ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ይነሣል። ሺራ የጀልባዋን መሪ ለቀቀች፣ ሸራውን ለቀቀች፣ እጆቿን ሰብሰብ አደረገች፣ ተነሣች።

«ኖር፣ አባባ።»

አባባ ፈንታም እንደ ደንቡ እጃቸውን አነሡ። «በእግዜር፤ በሞቴ ተቀመ...»

አልጨረሱትም። ጀልባዋ ተገለበጠች።

እኔስ? እኔ አርባ ሊሞላኝ ነው። በአምስት ዓመቴ ከሀገር ቤት የመጣሁ፣ ለሽማግሌ በዕብራይስጥ የምመልስ፣ ይህ ሁሉ ከላዬ የረገፈ የሚመስለኝ ሰው። የላስቲክ ጀልባዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ነበር። አሁን ግን ቆሜአለሁ። ጉልበቴ እኔን አላማከረም። ትንሽ ሞገድ መጣ... ውሃው ውስጥ ስገባ የመጨረሻ ሐሳቤ «አምስት» የሚል ነበር።

አምስቱ ደግሞ እያዩን ነው። የመጀመሪያው ቀን ያስተማርኳቸው አንድ ሕግ አለ፦ ማድሪኻ ያደረገችውን አድርጉ። ማድሪኻ፣ አሠልጣኟ፣ እኔ ነኝ። እነሱም እጃቸውን ሰብሰብ አድርገው ተነሡ። ባለ ቀይ ፀጉሩ የሩሲያ ልጅ አንገቱን እንኳ ሰበር አደረገ። ከዚያ... ቧ። ቧ። ቧ ቧ። ቧ።

ስድስት ጀልባ ሆዱን ለሰማይ ሰጥቶ ተኛ። ስድስት ጭንቅላት በመንሳፈፊያ ሰደርያ ላይ ብቅ አለ። ቆጠርኩ። እንደገና ቆጠርኩ፤ ሲስቁ ለመቁጠር ያስቸግራሉ። እኔም እየሳቅሁ ነበር፤ ውሃ ጠጣሁ።

ሺራ ብቻ አልሳቀችም። አያቷን አንዴ አየቻቸው። ከዚያ ከጀልባዋ ሆድ በወጣችው ሳንቃ ላይ ተንጠላጠለች፣ በክብደቷ ሳበቻት፣ አቃናቻት፣ ገባች። ውሃውን በባልዲ ታወጣ ጀመር። ቁጭ ብላ። በጣም ቁጭ ብላ።

እየዋኘሁ ወደ መተላለፊያው ሄድኩ። አባባ ፈንታ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ተደግፈው ቆመዋል። በሽምግልና ስንቱን ባልና ሚስት ያስታረቁ ሰው ናቸው፤ ፍርድ ሊሰጡ ሲሉ ፊታቸው ይዘጋል። አሁን ተዘግቷል።

«ወደቀች» አሉ።

«አዎ፣ አባባ።»

«ማቃናቱን ከየት አመጣችው?»

መዋሸት ይቻል ነበር። ግን ከነጫማ ውሃ ውስጥ ሆኖ መዋሸት ይከብዳል።

«ከመውደቅ ነው፣ አባባ። አሥር ጊዜ ወድቃለች።»

ከዘራው ሳንቃው ላይ ዞረ፣ ተመለሰ።

«አሥሩን አላየሁም፤ ባላየሁት አልፈርድም። የዛሬውን አይቻለሁ። የጣላት ባሕሩ አይደለም፣ እኔ ነኝ። ባሕሩን በምን ልክሰሰው?»

ሺራ ከጀልባዋ ሰማች መሰለኝ፤ ባልዲው ቆመ።

ከዚያ እንደ ጥጃ ውሃ ውስጥ የሚንቦጫረቁትን ሌሎቹን አዩ።

«እነዚህስ የማን ልጆች ናቸው?»

«የሩሲያ አሉ፣ የሞሮኮ አሉ...»

«እኔ ከአቲቆት እስከዚህ ቆሜ ነው የምመጣው። አንድም ሰው ወንበር ለቆልኝ አያውቅም።» በከዘራቸው ወደ ውሃው ጠቆሙ። «እነዚህ ባሕር ላይ ተነሡልኝ።»

እጃቸውን ወደ ውሃው ዘርግተው መረቋቸው። እደጉ። ባሕሩ ይታዘዛችሁ። ልጆቹ አንድም ቃል አልገባቸውም፤ «አሜን» ማለት ግን በየትኛውም ቤት አለ። አሉ።

አባባ ሲሄዱ ወደ እኔ ዞር ብለው፦ «ሐሙስ አመጣታለሁ። ወደዚህ የምወርደው ግን አጎንብሼ ነው፤ አይታኝ እንዳትነሣ።»

አምስቱ የተነሡት ትምህርት መስሏቸው መሆኑን ለአባባ ፈንታ አልነገርኳቸውም። እናንተም እንዳትነግሯቸው... ካገኛችኋቸው ተነሡላቸው፣ በቃ።