የአይናለም ብስክሌት በፔካ 12 ኮረኮንች

አርብ ጠዋት ከወደቡ ከተማ ወጣ ብላ ባለችው የከባድ መኪና ማረፊያ፣ ፔካ 12 ላይ፣ ወደ ኢትዮጵያ መንገድ የሚያፈጥ ሰው ጫት የሚጠብቅ ነው። ወደ ከተማው የሚያፈጥ ግን ፀጋው ብቻ ነበር። ፀጋው የተሳቢ ሹፌር ነው። ባዶ ተሳቢውን እየጎተተ ከአዲስ አበባ ይወርድና ወደብ ገብቶ እስኪጭን ድረስ ከእኔ ቁርስ ቤት ጎን ካለው ሜዳ ላይ ተራውን ይጠብቃል። ተራው ግን ሰበብ ነው። የሚጠብቀው አይናለምን ነበር።

አይናለም ከተማ ውስጥ አንዲት ፈረንሳዊት ቤት ተቀምጣ የምትሠራ የባሕር ዳር ልጅ ናት። ረዘም ያለች፣ ዝምተኛ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን። እረፍቷ አርብ ጠዋት ብቻ ነው፤ ለምሳ ተመልሳ የማዳም ኩሽና ውስጥ መገኘት አለባት። በፊት በሚኒባስ ነበር የምትመጣው። ሚኒባሱ እስኪሞላ ስትጠብቅ፣ ከአስፋልቱ ወርዳ ደግሞ ኮረኮንቹን በእግሯ ስታቋርጥ፣ ፀጋው ጋ ስትደርስ የመመለሻዋ ሰዓት ይሆናል። "ደህና ነህ?" "ደህና ነሽ?" ተባብለው ይለያያሉ። እኔን ነበር የሚያናድደኝ። ሰው እንዲህ ተዋዶ በሰላምታ ብቻ ይኖራል እንዴ?

ኋላ ማዳም ጉልበቷን አመማትና ብስክሌቷን ለአይናለም ሰጠቻት። ወላሂ፣ እንደዚያ ያለ ብስክሌት አይቼ አላውቅም። ጥቁር ነው፤ መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተቆለመመ፣ አካሉ ብረት ሳይሆን ካርቦን የሚሉት ነገር። በአንድ እጄ ሳነሳው የጎመን እስር ያነሳሁ መሰለኝ።

"ይሄ ነው አንቺን የሚሸከመው?" ብዬ ሳቅሁባት።

"ከብረት ይጠነክራል ብላኛለች ማዳም" አለች ኮራ ብላ። ፀጋውም አጠገባችን ሆኖ ሰማ።

ጎማው ከእሽቅድምድም ብስክሌት ጎማ ሰፋ፣ ከተራራ ብስክሌት ጎማ ጠበብ ያለ ነው። አስፋልቱ ላይ ይበራል፤ ኮረኮንቹ ላይ ሲገባም ጠጠሩን ከቁብ አይቆጥረውም። ጎዳናውም ሜዳውም ለእሱ አንድ ነው። ባሕር ዳር ብስክሌት ላይ ያደገች ልጅ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለች? ፀሐይዋ ሳትበረታ ትነሳና እኔ ፉሉን ሳላወርድ ከተፍ ትላለች። ከአንድ ሳህን ይበላሉ። ፀጋው በመኪናው መወልወያ ጨርቅ ሰንሰለቱን ይጠርግላታል። አንድ ቀን እሱም ልሞክር ብሎ ሜዳው መሃል ተዘረረ፤ ሹፌር ሁሉ ሳቀበት። ሁለቱ ወሬ የጀመሩት ያኔ ነው ማለት ይቻላል። የት እንደሚኖሩ፣ ስንት ልጅ እንደሚወልዱ፣ ሁሉንም ሲያወሩ እሰማ ነበር። ጆሮዬን ደፍኜ ፉል አልሸጥም።

አንድ አርብ ነፋሱ በጠዋት ተነሳ። ያ የበጋው ትኩስ ነፋስ ሲነሳ አቧራው ዓይን አያስገልጥም። "በዚህ አትሄጂም፣ ወደብ ተጠርቻለሁ፣ እኔ አደርስሻለሁ" አላት ፀጋው። ብስክሌቱን ተሳቢው ላይ አጋደመና ጭነት የሚያስርበትን ሰፊ ቀበቶ አወጣ።

ፀጋው ጭነት ሲያስር አይቻለሁ። አስሮ ይጨርስና አንዴ ደግሞ ይጨምራል። የላላ ጭነት ሰው እንደሚገድል መንገዱ አስተምሮታል። የሚሳሳለትን ነገር ሁሉ የሚይዘው እንደዚያ ነው፣ ጥብቅ። የብስክሌቱን አግዳሚ ዘንግ በቀበቶው ጠመጠመ፣ በመወጠሪያው ወጠረ፣ ከዚያ እንደ ልማዱ አንዴ ጨመረ። ቀጭ የሚል ድምፅ ከድስቴ አጠገብ ሆኜ ሰማሁ።

ለካ ካርቦን በቁመቱ ዝሆን ቢሸከምም በወገቡ ሲያንቁት ይሰበራል። ዘንጉ ተሰንጥቆ ነበር። አይናለም አልጮኸችም፣ አልተቆጣችም። ብስክሌቱን ፈትታ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወደ ሚኒባሱ ሄደች። ፀጋው ቀበቶውን እንደያዘ ቀረ።

በሚቀጥለው አርብ በሚኒባስ መጣች። የፀጋው መኪናም መጣ፤ ግን ሳይቆም አለፈ። ዞር ብሎ እንኳ አላየንም። ስልኩን አያነሳም። እኔ በንዴት የማልለውን አልኩ፤ አይናለም አግዳሚ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን ታያለች።

"ስለ ብስክሌቱ ነው እንዴ እንዲህ የሆንሽው?" አልኳት።

"ብስክሌቱ ምን ያደርግልኛል ፋጤዬ? እሱ ካልመጣ ወዴት እነዳዋለሁ?"

ሳቅ ብላ ያለችው ነው፤ እኔን ግን አላሳቀኝም። ሰውየው እኮ አፍሮ ሊጠፋ ነው። ጥሩ ሰው ሲያፍር ከክፉ ሰው ይብሳል።

አይናለም ግን እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ አይደለችም። ለማዳም ዓሣ ስትገዛ ዓሣ አጥማጆች ወደብ ላይ ዓብዱልጀሊል የሚባል ጀልባ ጠጋኝ ታያለች፤ የተሰነጠቀ ጀልባ በጨርቅና በሙጫ የሚጠግን። ብስክሌቱን ወሰደችለት። ሽማግሌው ስንጥቁን ፋቀ፣ ጨርቁን በሙጫ እያራሰ ደራርቦ ጠመጠመ፣ እስኪደርቅም አስቀመጠው። ዘንጉ መሃሉ ላይ አብጦ በፋሻ የታሰረ ክንድ መሰለ። መልኩ ጠፋ እንጂ ይሄዳል።

በቀጣዩ አርብ እሱኑ እየነዳች መጣች። ገና ሻይ ሳልቀዳላት የፀጋው መኪና ብቅ አለ። አሁንም ሳይቆም አለፈ! ጭልፋዬን እንደያዝኩ መንገድ ላይ ወጣሁ፤ ስሙን ስጠራ ማን ይስማኝ። ስዞር አይናለም የለችም።

ወደ ከተማው መግቢያ ፍተሻ የሚሄደው የከባድ መኪና ሰልፍ አስፋልቱን ሞልቶታል። በመሃል ለድመት እንኳ ቦታ የለም። እሷ ግን አስፋልቱን ትታ ጠርዙ ላይ ካለው ኮረኮንች ገባች። ጠጠሩ ከጎማዋ ሥር ይፈናጠራል፤ ጎንበስ ብላ መኪናዎቹን አንድ በአንድ ታልፋለች። ሹፌሮቹ በመስኮት ወጥተው ያፏጫሉ። እኔም በነጠላ ጫማ ከኋላዋ እየሮጥኩ ነው፤ ያ ፋሻ እንዳይለቅ እየጸለይኩ። አልለቀቀም። የፀጋውን መኪና ቀደመችና ከፊቱ ቆመች።

ፀጋው ወረደ። ፊቱ ከስቷል። መጀመሪያ ያየው እሷን አይደለም፣ የታሰረውን ዘንግ ነው።

"ነፋሱ እየተነሳ ነው" አለችው እያለከለከች። "ቤቴ አድርሰኝ።"

"ብስክሌቱስ?"

"እሰርልኝ።"

ቀበቶውን አወጣ። ትንሽ ይዞት ቆየና መልሶ ወረወረው። የፊት ጎማውን ፈታ፣ ብስክሌቱን አቅፎ ጋቢናው ውስጥ አስገባ፣ ከወንበሩ ኋላ ካለው መኝታው ላይ አስተኛው። እዚያ ላይ ማንንም በጫማ አያስወጣም፣ አንሶላው ሁልጊዜ ነጭ ነው። አቧራማውን ጎማ አንሶላው ላይ አጋደመ። ትራሱን አነሳና ከታሰረው ዘንግ ሥር አደረገለት።

"እንዲህም ይታሰራል?" አለች አይናለም ጋቢናው ላይ ወጥታ፣ ሳቋ አምልጧት። አፏን ልትሸፍን አልቻለችም፤ አንዱ እጇ ብስክሌቱን ደግፏል፣ ሌላውን ፀጋው ይዞታል።