የዴልማር እጅ እና የዋንጫ ቅጠል

የዴልማር ሃውገንን ማሳ ያላየ ንጹሕ እርሻ አይቻለሁ አይበል! እኛ የአሜሪካዋ አዮዋ ገበሬዎች ሰውን የምንመዝነው አኩሪ አተሩ ከአረም በመጥራቱ ነው። ዴልማር ደግሞ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ በየመደዳው እየተመላለሰ አረም ሲነቅል ሰባ ሁለት ዓመቱን ደፍኗል።

ሚስቱ ቬልዳ ዳሌዋ ተሰብሮ ከወጥ ቤቱ መስኮት አጠገብ ከዋለች ወዲህ ያማራት አንድ ነገር ነበር፤ የልጅነቷን ቢጫ ወፎች ማየት። እኛ እስከ አጥሩ ጥግ ስናርስ እነሱ ርቀውናል። ስለዚህ ዴልማር የዋንጫ ቅጠል ዘር አመጣ። ማረሻ ሳይደርስ ሜዳው የዚህ ረጅም የዱር አበባ ነበር። ጥንድ ጥንድ ቅጠሎቹ ግንዱን አቅፈው ዝናብ ያቁራሉ፤ ወፍ ይጠጣበታል፣ ዘሩንም ይለቅማል። ብርድ ካልቀመሰ አይበቅልምና፣ በኅዳር ከመስኮቱ ሥር ዘራው።

በግንቦት አንድ ጠዋት ዴልማር ተንበርክኮ መደቡን ሲያጸዳ ቬልዳ ከውስጥ መስታወቱን አንኳኳች።

«ምን እየነቀልክ ነው?»

«አረም ነዋ!»

«ማን ዘራው?»

ዴልማር እጁ ላይ ያለውን ቡቃያ አየ። ከዚያ መሬቱ ላይ ዝርፍጥ አለ፤ ምስኪን!

የነቀላቸውን በባልዲ ውሃ ነክሮ እዚያው መልሶ ተከላቸው። ሦስቱ ብቻ ያዙ። ከዚያ ወዲያ እሱ ጓሮ ሲወጣ ቬልዳ ማንኪያ ይዛ ትጠብቀው ጀመር፤ እጁ ወደ ሦስቱ ሲዘረጋ መስታወቱን ቀው! ልማድ ሰውን እንዴት እንደሚነዳው ያየሁት ያኔ ነው፤ ፍቅሩ አንድ ነገር ይተክላል፣ እጁ ይነቅላል።

በሦስተኛው ዓመት አበባው ከመስኮቱ በላይ ሆነ። እህል መጋዘን ቡና የሚጠጡ ጓደኞቹ ሳያሾፉበት አላለፉም።

«ዴልማር፣ ላሜ ጓሮህ ገብታ ጠፋችብኝ፤ አላየሃትም?» አለው ሮላንድ።

«አይቻታለሁ፤ ያንተ ማሳ አረም ይሻላል ብላ ተመለሰች።»

እንዲህ ይበል እንጂ ጆሮው ቀልቶ ነበር። በቀጥታ ወደ ጓሮው ሄደና ረጅሙን ግንድ ጨበጠ። ሊነቅለው ነው ወይስ ሊደግፈው? ኋላ ሲያጫውተኝ እሱም ራሱ አላውቀውም አለኝ።

ማንኪያው አልጮኸም። ቀና ሲል ቬልዳ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋለች። ከራሱ በላይ አንዲት ቢጫ ወፍ ከቅጠሉ ዋንጫ ትጠጣለች።

ቬልዳ በተከፈተው መስኮት አንሾካሾከች፦ «በሞቴ፣ እንዳትለቀው! ከነቃነቅከው ትበርራለች።»

ወፏ እስክትጠግብ ድረስ ግንዱን ይዞ ቆመ።