ውሻ ሳጥን የምታስለምደው ሉሴት

ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ የመንደሩ ሰው የጣራውን ቆርቆሮ በሚስማር ሲያጠብቅ፣ ሉሴት የእንጨት ሳጥን ተሸክማ ከቤት ቤት ትዞራለች። እንጀራዋ የትምህርት ቤት ጽዳት ነው፤ ለዚህኛው ሥራ ማንም አልቀጠራትም። ቢሆንም በዚያች የካሪቢያን ደሴት በዶሚኒካ፣ ወንዙ ባሕር በሚገባበት በዚያ መንደር፣ ውሻ ወይም ድመት ያለው ሰው ሁሉ የአውሎ ነፋሱ ወቅት ሳይገባ ከእሷ ምክር አያመልጥም።

ነገሩ የጀመረው ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ሉሴት የገዛ ውሻዋን አስራ ገድላዋለች። ይህን የምታወራው ራሷ ናት፤ አታለባብስም። እዚያ ቤት የሚሠራው በምሰሶ ላይ ከፍ ተደርጎ ነው፤ አውሎ ነፋስ ሲመጣ ውሻን ከወለሉ ሥር ካለው ምሰሶ ማሰር ደግሞ ከአያት የወረደ ልማድ ነው፤ ነፋስ እንዳይወስደው። ነፋሱስ አልወሰደውም። የመጣው ወንዙ ነበር። ትምህርት ቤት ተጠልላ አድራ ስትመለስ ገመዱም፣ ቋጠሮውም፣ ውሻውም እንዳሉ ነበሩ። ቋጠሮዋ እንኳን አልላላም።

ከዚያ በኋላ ርዕሰ መምህሯን ሁለት ዓመት ሙሉ ደጅ ጠናች። በመጨረሻ አንድ ክፍል ለእንስሳት ተፈቀደ፤ ግን በሁለት ግዴታ። እንስሳው ሳጥን ውስጥ ይሆናል፤ ባለቤቱም አብሮት ያድራል። ባለቤት የሌለው አይገባም።

የግቢ ውሻ ግን ሳጥን አያውቅም፤ ጣራ ያለው ነገር ሁሉ ወጥመድ ይመስለዋል። ስለዚህ ምግቡን መጀመሪያ ሳጥኑ አጠገብ፣ ከሳምንት በኋላ ደፉ ላይ፣ ከዚያ ውስጥ ታስቀምጥለታለች። ኋላ በሩን ድስት ላይ የተጣደ ጥሬ ሙዝ እስኪበስል ድረስ ትዘጋበታለች። ለባለቤቱም ትምህርት አላት፤ የሦስት ቀን ምግብና ውሃ አዘጋጅ፣ ስምህን ሳጥኑ ላይ ጻፍ። መጀመሪያ ላይ ሰው ይስቅባት ነበር። እሷ ግን ሳይቃጠል በቅጠል ብላ የተነሳች ናት፤ ለሳቅ ጆሮ አልነበራትም።

ያስቸገራት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አባባ ቴልማክ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ዕድሜያቸውን በዓሣ አጥማጅነት ገፍተው፣ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ከአንድ ቀይ ውሻ ጋር ይኖራሉ። ስሙ ሚኒስትር ነው፤ ብቅ የሚለው ምሳ ሲቀርብ ብቻ ስለሆነ ነው ይላሉ። ቤታቸው ከሁሉም ይልቅ ለወንዙ ይቀርባል፤ እሳቸው ግን ተጠልለው አያውቁም። ውሻዬን ጥዬ አልሄድም፣ ውሻዬም ሳጥን አይገባም፤ መልሳቸው ይኸው ነበር።

ሉሴትም ውሻው ከገባ ሽማግሌው ይወጣሉ ብላ ክረምቱን ሙሉ ከሥራ ስትወጣ የዓሣ ጭንቅላት ይዛ ተመላለሰች። እሳቸው ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው በነገር ይወጓታል።

"አንቺ ልጅ፣ ሳጥን ውስጥ የሚገባው እኮ የሞተ ነው።"

"ሁለታችሁም ሳትሞቱ ውጡ ብዬ ነዋ የምለፋው።"

የዓሣ ጭንቅላት የማያሸንፈው ሚኒስትር የለም። ነሐሴ ሳያልቅ ሳጥኑን ገና ሲያይ ዘሎ የሚገባ ሆነ።

መስከረም ላይ አውሎ ነፋስ እየመጣ መሆኑን ሬዲዮ ተናገረ። ሉሴት የጎረቤት ፒክአፕ ለምና እኩለ ቀን ላይ ደረሰች። ሚኒስትር ሳይጠራ ገባ። ሽማግሌው ሳጥኑን ራሳቸው አንስተው መኪናው ላይ ጫኑት፤ በሳጥኑ በር ሽቦ በኩል የውሻውን አፍንጫ ዳበስ አደረጉና ወደ ኋላ ሸሹ።

"በይ ውሰጂው። አሁን ሐሳብ የለብኝም፤ እኔ ቤቴን እጠብቃለሁ።"

ሉሴት ክው አለች። ለካ እሷ እሳቸውን ለማውጣት ስትደክም፣ እሳቸው ለመቅረት እየተዘጋጁ ኖረዋል። እንድታለማምደው ዝም ያሏት ውሻውን የሚያስረክቡት ሰው ፈልገው ነው። ባለቤት የሌለው አይገባም ብትላቸው፣ ባለቤቱ እኔ ነኝ በያቸው አሏት። ለመነች፣ ተቆጣች፤ ወይ ፍንክች። ዝናቡ ጀመረ።

ያን ጊዜ ሳጥኑን ከመኪናው አውርዳ ደረጃው ሥር አስቀመጠችና አጠገቡ ተቀመጠች።

"ምን መሆንሽ ነው?" አሉ።

"እዚሁ ነኛ። አንዴ አስሬ ሄጃለሁ፤ አባባ፣ ሁለተኛ አልሄድም።"

ወንዙን አዩ፤ ወዲያው እሷን አዩ። ፀጉሯ በስብሶ ውሃው በአገጯ ይወርዳል፤ አትነሳም። ሽማግሌው የእሷን ግትርነት፣ የሬዲዮውን ወሬና የመንግሥትን ዘር ማንዘር ረግመው ሲያበቁ፣ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ሳጥኑን መልሰው ጭነው መኪናው ላይ ወጡ።

ትምህርት ቤት አድረው በማግሥቱ ጠዋት ሦስቱም በጭቃው ውስጥ ወርደው ቤቱን አዩት። ከቤቱ የቀሩት አራት ምሰሶዎች ብቻ ነበሩ። ሉሴት ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ሽማግሌው ለቤቱ ያለቀሰች መስሏቸው ያጽናኗት ጀመር።

"እንጨት እኮ ነው፣ ይሠራል። አንቺ ምን ያስለቅስሻል?"

"ለቤቱ አይደለም" አለች እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። "ስለመጡልኝ ነው፣ አባባ። እግዜር ይስጥልኝ።"