የጠፈር ፍጡር ፊት አንባቢው አበጀ

በአርብ ገበያ ከተማ እንዲህ ይወራል፦ የቪዲዮ ቤቱ አበጀ ከሌላ ዓለም የመጣን ፍጡር ፊት አይቶ ልቡን ያነባል። ፍጡሩ ሦስት ዓይን ይኑረው አሥር፣ አፍንጫው ማጅራቱ ላይ ይብቀል፣ ለአበጀ ሁሉም አንድ ነው። ሚስቱን ብርቱካንንም ያገባት በዚሁ ጥበብ ነው ይላሉ። ማንም ሊያነበው ያልቻለውን ፊቷን ከጠፈር ፍጡራን በተማረው ዘዴ አንብቦ፣ መልሷን አስቀድሞ አውቆ ነው አሉ ሽማግሌ የላከው። ወሬው ጎረቤት ከተማ ወገዳ ሲደርስማ ፍጡራኑ ራሳቸው ሚዜ ሆነው ነበር ተባለ።

ይህን ለማመን አበጀን አለማወቅ ያስፈልጋል። አበጀ ማለት በቅሎው ጥርሷን ብልጭ ስታደርግለት "ወደደችኝ" ብሎ ቀኝ እጁን ዘርግቶላት፣ እስኪሽርለት ድረስ በግራ እጁ የበላ ሰው ነው።

ነገሩ የሆነው በሚሊኒየሙ ዋዜማ ነው። የአበጀ ጄኔሬተር ሲነሳ በታች ጋይንት ያለ ውሻ ሁሉ ይጮኻል። አርብ አርብ ገበሬው ገብሱን ሸጦ፣ አህያውን በር ላይ አስሮ ይገባል። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ነው፤ የአበጀ እንግሊዝኛ ደግሞ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ስለዚህ ቃሉን ትቶ ፊት ይተረጉማል። ከቴሌቪዥኑ ጎን ዘንግ ይዞ ይቆምና "ይሄኛው ተቆጣ! ያኛው እናቱ ናፈቀችው!" ይላል። እናቱ የናፈቀችው ጭንቅላቱ እንቁላል የመሰለ፣ ከንፈር እንኳ ያልፈጠረለት ነው። ገበሬው ግን አዝኖ ከንፈሩን ይመጥለታል።

ብርቱካን ጥግ ትቀመጣለች። በገበያው ክርና ሻሽ ትሸጣለች። ፊቷ እንደ ተመረገ ጎተራ ነው፤ ቢያሞግሷትም ቢሰድቧትም ያው። ደንበኛው በዋጋው ትስማማ ትናደድ ሳያውቅ ሻሹን ይዞ ይሄዳል።

"አንተ አበጀ፣" አለችው አንድ አርብ፣ "እናቱ እንደ ናፈቀችው በምን አወቅህ?"

"ዓይኑን ጨፈነ እኮ!"

"አንዱን ነው የጨፈነው። ሁለቱ እንዳፈጠጡ ናቸው።"

"ሁለቱን አልናፈቀቻቸውም ማለት ነዋ!"

"ምናልባት እዚያ አገር ዓይን የሚጨፈነው ሲርብ ይሆናል። ሄደህ አላየህ!"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አበጀ ግን ከዚያች ቀን ወዲያ ልቡ እሷ ጋ ቀረ። ሽማግሌ ላከ። አባቷም "እኔ ምን አውቄ? እሷን ወልጄ ፊቷን አይቼ ልቧን አውቄ አላውቅም። ለአርብ ራሷ ትመልስለት" አሉ።

አርብ ደረሰ። ብርቱካን መጥታ ጥግ ተቀመጠች። አበጀ አንድ ዓይኑን ፊልሙ ላይ፣ አንዱን እሷ ላይ ተከለ። ፊልሙ ውስጥ አንድ መቶ አለቃ ወደ ሰማይ እየጠቆመ ፍጡሩን ይለምናል።

"'ምድራችንን ለቀህ ትሄዳለህ ወይ?' እያለው ነው፣" አለ አበጀ።

ፍጡሩ አፉን ከፈት አድርጎ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳበ። በጋይንት ትንፋሹን እንዲያ ሳብ ያደረገ ሰው እሺ ብሏል፤ ልጁም ካህኑም ያውቀዋል።

"እሺ አለ!" ብሎ ጮኸ አበጀ።

"እሰይ! እግዜር ይስጠው!" ብለው ከገበሬዎቹ አንዱ አያ ጣሰው፣ ፊልሙ ያለቀ መስሏቸው አህያቸውን ሊፈቱ ተነሡ። በሩ ጋ ሳይደርሱ ፍጡሩ የሳበውን ትንፋሽ እሳት አድርጎ ተፋው። ከተማው ከነፎቁ ነደደ።

"አንተ አበጀ! እሺ ብሏል አላልክም?"

"ብሏል አያ ጣሰው! ትንፋሹን ሲስብ አላዩም?"

"አየሁ እንጂ! ከተማውን ሲያነደውም አየሁ!"

"እሱ ምን ያድርግ፣" አለች ብርቱካን ከጥግ፣ "ጋይንት አልተወለደ።"

ሳቁ ቆርቆሮውን ሊያነሳው ደረሰ። አበጀ ብቻ አልሳቀም። እስከ ዛሬ የተረጎመው ቁጣና ናፍቆት ሁሉ የራሱ የአበጀ እንደ ነበር ያን ጊዜ ገባው።

ሰው ወጣ፤ ብርቱካን ቀረች። አበጀ ዘንጉን እንደ ያዘ ጠጋ አላት።

"እህስ፣ ብርቱካን? ታገቢኛለሽ?"

ብርቱካን ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች።

ትናንት ቢሆን አበጀ ዘንጉን ጥሎ በዘለለ ነበር። አሁን ግን ወደ ኋላ አፈገፈገ።

"ይሄ... እሺ ነው?"

"ተርጓሚው አንተ አይደለህ?"

"ትርጉም ትቻለሁ። በአፍሽ ንገሪኝ።"

"ያየኝ ሁሉ ኮራች፣ ጠላች፣ አኮረፈች እያለ ሲተረጉመኝ ነው ያደግሁት፣" አለች። "ሳይተረጉም የጠየቀኝ ሰው አንተ የመጀመሪያው ነህ። እሺ፣ አበጀ። አገባሃለሁ።"

ይህን ስትል ፊቷ ቅንጣት አልተነቃነቀም።

ዛሬ የልጆች አባት ነው። ወሬውን ሰምቶ "እውነት የጠፈር ፍጡራን ፊት ታነባለህ? ብርቱካንንም እንዲያ ነው ያገኘሃት?" ብሎ ለሚጠይቀው እንግዳ ሁሉ የአበጀ መልስ አንድ ነው።

"ውሸት ነው። የፍጡርም የሰውም ፊት አንብቤ አላውቅም። መልሷንም አስቀድሜ አላወቅሁም። ጠይቄያት ነው።"