ግራ እጄን የዘረጋሁበት ፎቶ

የልጅ ልጄ ከዓለም ባንክ ሰፈር በሚኒባስ አሳፍራ የወሰደችኝ፣ በልጅነቴ የተማርኩበት አሮጌ ትምህርት ቤት ሙዚየም ሆኗል ብላ ነው። እኔም ራሴ ሙዚየም የምገባበት ዕድሜ ላይ ደርሻለሁና እምቢ አላልኩም።

ትልቁ ክፍል ውስጥ በጣሊያን ጊዜ የተነሳ ፎቶ ተሰቅሏል። ተማሪዎቹ በሙሉ ለጣሊያን ባንዲራ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተዋል፤ አንዲት ልጅ ብቻ ግራዋን። አስጎብኚው፣ «ይህች ጀግና ሕፃን በጠላት ላይ እያላገጠች ነው» አለ። ጀግናዋ እኔ ነኝ። ሳይታወቀኝ ወገቤን አቃናሁ።

እውነቱን ለመናገር ግራኝ ነኝ። በግራ መብላት ነውር ነው እየተባልኩ በየምሳው ብቆነጠጥም አልለቀቀኝም። ያን ቀንም የዘረጋሁት የቀናኝን እጅ ነው።

ጣሊያኑ መምህር ግን ልክ እንደ አስጎብኚው አሰበ። እናቴን አስጠርቶ በአስተርጓሚ፣ «ይህን ማን አስተማራት? አባቷስ የት ነው?» አላት። አባቴ አርበኞቹ ዘንድ ጫካ ገብቷል፤ ለሰው የሚነገረው ግን ለንግድ ጅማ ወርዷል ተብሎ ነበር። እኔ እውነቱን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ምስጢር ደግሞ እኔ ዘንድ አያድርም።

«ጌታዬ፣ ግራኝ ናት። ይሞክሯት» አለች እናቴ።

መምህሩ ከጠረጴዛው ላይ ዳቦ አንስቶ ሰጠኝ። በግራዬ ነጥቄ ሙሉውን አፌ ውስጥ ጠቀጠቅኩት። ወዲያው አስተርጓሚው ወደ እኔ ዞሮ፣ «አባትሽ የት ሄደ?» አለኝ። ልነግረው ነበር፤ ዳቦው አላናግር አለኝ። አንቆኝ ዓይኔ ሲፈጥ እናቴ ጀርባዬን እየመታች፣ «ጅማ ነው ጌታዬ፣ ጅማ» አለች። መምህሩ ሳቀና አሰናበተን።

እንግዲህ አባቴን ያተረፈው ሆዳምነቴ ነው። ይህንኑ ለአስጎብኚው ነገርኩት። «እማማ፣ ትሕትናዎ ነው» ብሎ ጎብኚዎቹን አስጨበጨበልኝ። የልጅ ልጄም አብራ አጨበጨበች፤ አፈርኩ።

እናቴን ፎቶ ያነሳት የለም። ያን ቀን ከክፍሉ ወጥተን ግቢው በር ጋ ስንደርስ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታ ታለቅስ ጀመር። እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ፣ ነገም ዳቦ ይሰጡን እንደሆነ ጠየቅኳት።