ከተማ በሆንን ዓመት

ከባምባሲ መንገድ ገባ ብላ ያለችው መንደራችን ከተማ የተባለች ዕለት ሁላችንም ጨፍረናል። እኔ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች ልጅ ነኝ፤ ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ፣ በቀርከሃ አጥርና በማንጎ ዛፍ መሃል ነው። ሳናስበው ቆርቆሮ ቤቱ በዛ፤ ባጃጅ መጣ፤ የመብራት ምሰሶ ቆመ፤ ሽቦው ግን አልተዘረጋም። ጤና ጣቢያም ተሠራልን።

ታናሽ እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘችው ያኔ ነው። "ዕድለኛ ነሽ፤ እማዬ አንቺን ልትወልድ የሄደችው በቃሬዛ ነበር" እላት ነበር።

ምጧ የመጣው ሐምሌ ላይ፣ በጠዋት ነው። ጤና ጣቢያው ስንደርስ ያገኘነው ዘበኛውን ብቻ ነበር።

"አዋላጇ ተዛውራለች፤ ነርሱም ወረዳ ለስብሰባ ሄዷል" አለን፣ አንገቱን ደፍቶ።

አብረውን የመጡት ሴትዮ ጎረቤታችን የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ናቸው፤ ብዙ ሴት አዋልደዋል። የእህቴን ሆድ ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና ፊታቸው ተለወጠ።

"ልጅ አግድም ተኝቷል። እኔ አልችልም። አንተ ቶሎ አሶሳ ውሰድ" አሉኝ። አማርኛቸው ሴትን ከወንድ አይለይም፤ ፍርሃታቸው ግን ገባኝ።

በባጃጅ ወጣን። ብዙም ሳንርቅ ወንዙ ሞልቶ ጠበቀን። ድልድዩ ተጀምሮ የቀረ ነው፤ ብረቱ ከሲሚንቶው ወጥቶ ይታያል። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ።

"እህቴ፣ ብገባ ሁላችንንም ይወስደናል" አለኝ።

ጎረቤታችን ቶብ የሚሉትን ረጅም መጎናጸፊያቸውን አውልቀው እህቴን አለበሷት። "ያ ረቢ፣ ያ ረቢ" እያሉ ጀርባዋን ያሹ ነበር። እሷ ግን የምታየው እኔን ነበር።

"እትዬ፣ አንድ ነገር አድርጊ" አለችኝ። የማደርገው አልነበረኝም።

ውሃው የጎደለው ከሰዓት በኋላ ነው። አሶሳ ሆስፒታል እሷን አተረፉልን። ልጁ ወንድ ነበር። ተከትሎን አሶሳ የመጣው አባቴ በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞት ተመለሰና ቀበርነው።

እህቴ ከዚያ ወዲህ እምብዛም አትናገርም። ባሏ "ሌላ እንወልዳለን" ሲላት ተነስታ ትወጣለች። አንድ ቀን ልብስ እያጠብን "እዚህ ለምን እንኖራለን?" አለችኝ። ልብሱን መጭመቄን ቀጠልኩ። ወሎ ማን አለን? ወዴት እንሄዳለን?

ሰው አሁንም ይመጣል። ከቤታችን ጀርባ አዲስ ቦታ ተሸንሽኖ ሙሽሮች ቤት እየሠሩ ነው። ሙሽራዋ እርጉዝ ናት። ትናንት "እንደምን አደርሽ?" ስትለኝ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም፤ መሬት መሬቱን እያየሁ አለፍኳት።